ማልቲ ኢፌክት ገዛሁ፣ ፔዳሎቼን ግን መሸጥ አልፈለግኩም

የጎፋው ጊታር

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር እጫወታለሁ። ቅዳሜ ሠርግ ከተገኘ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተጠቀምኩት በሦስት ፔዳል ነው። ቢጫዋ ቦስ ኤስዲ-1 (ድምፁን ሻከር የምታደርግ ኦቨርድራይቭ ናት)፣ አንድ ዋህ (በእግር ሲረገጥ ድምፁን ዋ-ዋ የሚያሰኝ) እና አንድ አናሎግ ዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም)። ከወር በፊት አንድ ወዳጄ ወደ ውጭ ሲሄድ ያገለገለች ማልቲ ኢፌክት፣ ብዙ ፔዳሎችን በአንድ ሳጥን የያዘች ዲጂታል ማሽን፣ ሸጠልኝ። ትንሽዬ ናት። አንድ የጊታር መግቢያ፣ ግራና ቀኝ መውጫ፣ በቃ።

ዲሌይዋና ሪቨርቧ (የአዳራሽ ማስተጋባቷ) አንጀት ያርሳል። ኦቨርድራይቩ ግን ለጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ቀስ ብዬ ስመታ ንፁህ፣ ጠንከር ስል ሻከር የሚለውን ነገር ከኤስዲ-1 ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ቢጫዋን ከፊት አስገብቼ ሞከርኩ። ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ መሰለ። እጄን ከክሩ ላይ ሳነሳ እንኳን እዝዝ ይላል። ልምምድ ቤት አምፕ ላይ ስሰካው ድምፁ ይታፈናል። ቤተ ክርስቲያን ሚክሰር ላይ ስሰካው ደግሞ ጆሮ ይወጋል።

ሰው ሁሉ "ፔዳሎቹን ሽጠህ ተገላገል" ይለኛል። ቢጫዋን በመጀመሪያ ደሞዜ ነው የገዛኋት። ያለ እሷ ሶሎ መጫወት አይሆንልኝም። ሁለቱን አስማምቶ የሚጫወት ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።

ቶን ፍለጋ

ወንድሜ፣ ምንም ነገር አትሽጥ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ኤስዲ-1ን ስታበራ ማልቲዋ ላይ የትኛው ፓች (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) ነበር የተከፈተው? ከፋብሪካ ተሞልተው የሚመጡት ፓቾች አብዛኞቹ ውስጣቸው ኮምፕረሰር፣ ዲስቶርሽንና ጌይኑ (የሻካራነቱ መጠን) ከፍ ያለ አምፕ አለባቸው። ቢጫዋን እዚያ ላይ ስትጨምር ዲስቶርሽን በዲስቶርሽን ላይ ተደራረበ ማለት ነው። ንቡ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። ባዶ ፓች ክፈትና ሁሉንም ነገር አጥፋ። ጊታሩን ወደ ዋህ፣ ዋሁን ወደ ኤስዲ-1፣ ኤስዲ-1ን ወደ ማልቲዋ ስካ። ማልቲዋ ላይ አንድ ንፁህ አምፕ ብቻ አብራ፤ የፌንደር አምፕ ጠባይ ያለው ይሻላል። ኤስዲ-1ን አጥፍተህ ተጫወት። አምፑ ጠንክረህ ስትመታ ብቻ ትንሽ መሰንጠቅ እስኪጀምር ጌይኑን ጨምር፣ እዚያ ላይ ተወው። ከዚያ ቢጫዋን አብራ። ድራይቩን ከሩብ አታሳልፍ፣ ሌቭሉን ከግማሽ በላይ አድርገው። የጊታርህን ቮልዩም ወደ 6 ዝቅ አድርገህ ሞክር። እንዲህ ካደረግክ ፔዳሏ እጅህን የምትከተል ትሆናለች።

ኦቨርድራይቭ፣ ዋህና ፈዝ (ከኦቨርድራይቭ በላይ የሚያሻክር ፔዳል) ከጣትህ ጋር የሚነጋገሩ ናቸው። እነሱን ከፊት፣ ለጊታሩ ቅርብ አድርጋቸው። ዲሌይ፣ ሪቨርብና ኮረስ ግን ከኋላ ሆነው ድምፁን ቦታ የሚያስይዙ ናቸው። ያንን ለማልቲዋ ስጣት። እዚያ ላይ ጎበዝ ናት፣ ለእያንዳንዱ መዝሙር የተለየ ልክ ታስቀምጥልሃለች።

ሌላም አለ። መግቢያዋ ላይ ሲሞላ ቀይ የሚበራ መብራት ካላት ተከታተለው። ዲጂታል መግቢያ ከልኩ ሲያልፍ የሚያወጣው ስንጥቅ የቲዩብ አምፕ ዓይነት ማማር የለውም። ቀይ ካሳየህ የቢጫዋን ሌቭል ቀንስ።

ሳውንድማን ከሲኤምሲ

ስለ ሚክሰሩና ስለ አምፑ እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ እሱ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በጣም ነው የሚቆርጠው። የአዳራሽ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣዋል። ዲስቶርሽን በጊታር ስፒከር ሳያልፍ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ሲገባ የሚወጋው ለዚህ ነው። ማልቲዋ ውስጥ ካብ የሚባለው ክፍል ያንን ስፒከር የሚተካ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሚክሰር ላይ ስትሰካ ካቡ መብራት አለበት። ልምምድ ቤት አምፕ ላይ ስትሰካ ካቡም የአምፕ ሞዴሉም ይጥፉ። አለበለዚያ አምፕ በአምፕ፣ ስፒከር በስፒከር ላይ ይደረብና ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይሆናል። የታፈነብህ ያ ነው።

ስለዚህ የምትወደውን ፓች ቅዳ። አንዱን "አምፕ" ሌላውን "አዳራሽ" ብለህ ሰይም። አንዳንድ ማልቲዎች ላይ ደግሞ መውጫው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ማስተካከያ በሜኑው ውስጥ አለ። መጀመሪያ እሱን እየው።

አንድ ልመና ከእኛ ከሳውንድ ሰዎች። የፓቾችህን ቮልዩም በኢርፎን አታስተካክል። አዳራሹ ባዶ ሳለ ቀደም ብለህ ና፣ ድራመሩ እየመታ አስተካክለው። በኢርፎን እኩል የሚመስሉ ሁለት ፓቾች አዳራሽ ውስጥ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ዘማሪዋን ይውጣታል። እኔ ፌደር ላይ ተጣብቄ ላድንህ ብሞክር እንኳን ከእግርህ አልቀድምም።

የጎፋው ጊታር

ተባረኩ! ሁለታችሁም ያላችሁትን አደረግኩ። ቢጫዋ ተመለሰች። በንፁህ አምፕ ላይ ድራይቩን ቀንሼ ሌቭሉን ስጨምር የድሮ ድምፄን አገኘሁት፣ እንዲያውም ዲሌዩ ከኋላ ሲገባ ከድሮው ይበልጣል። ጊታሩን ዝቅ ሳደርግ አብሮ ይጠራል። ትናንት ማታ እስከ 5 ሰዓት ስጫወት ነበር።

የቀረው እዝዝታው ነው። ሦስቱንም ፔዳልና ማልቲዋን በአንድ አዳፕተር፣ ባለ ብዙ ጫፍ ገመድ ነው የማበራቸው። ቢጫዋን ሳበራ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ይከተላል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ያ ቀጭን ፉጨት የዲጂታል ነው። ማልቲዋ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የሚያወጣው ጫጫታ በጋራው ገመድ በኩል ወደ አናሎጎቹ ይገባል፣ ኤስዲ-1 ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ታጎላዋለች። ማልቲዋን ከመስመሩ ለያት። የራሷ አዳፕተር ይኑራት። ሦስቱ አናሎጎች በአንድ አዳፕተር ቢሆኑ ግድ የለም፣ እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት ጥቂት ሚሊአምፒር ነው። ለመሞከር ብር አታውጣ። ኤስዲ-1 ውስጥ 9 ቮልት ባትሪ አስገባና አዳፕተሩን ንቀል። ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ታወቀ።

አሁን የምጽፈውን ግን ከአሜሪካ ዕቃ የምታስመጡ ሁሉ አንብቡልኝ። እዚህ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እዚያ 220። ለአጎቴ ልጅ አንድ ፔዳል ከነአዳፕተሩ በሻንጣ ልኬለት ነበር። አዳፕተሩ ላይ "120" ብቻ ነው የተጻፈው፣ እኔም አላየሁትም። ሰካው፣ ጭስ ወጣ፣ ፔዳሉም አብሮ ሄደ። ያንን ልጅ ስደውልለት ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ነበር። አዳፕተር ከመስካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። "100-240" የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። 120 ብቻ ካለ 220 ላይ አይሰካም።

ቀጥሎ ዋልታውን እዩ። አብዛኞቹ ፔዳሎች መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ 9 ቮልት ዲሲ ነው የሚፈልጉት። ግን ሁሉም አይደሉም። አሮጌው አረንጓዴ ዲሌይ፣ ላይን 6 ዲኤል4፣ ለምሳሌ 9 ቮልት ኤሲ ነው የሚፈልገው። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የአምፒሩንም መጠን አስተውሉ። ኤች ኤክስ ስቶምፕ የሚባለው ማልቲ 9 ቮልት ነው፣ ግን የሚመጣበት አዳፕተር 3 አምፒር ነው። የኤስዲ-1ን አዳፕተር ብትሰኩበት አይነሳም። አዳፕተሩ ከሚፈለገው በላይ አምፒር ቢኖረው ችግር የለም። ችግሩ ሲያንስ ነው።

ሁሉም በአንድ

እኔ በዚህ አልስማማም። ሠርግ ላይ የሚጫወት ሰው ለምን ይሄን ሁሉ ይሸከማል? እኔ በሚኒባስ ታክሲ ነው የምሄደው። ጊታር በጀርባዬ፣ ማልቲ በቦርሳ። ስደርስ አንድ ገመድ ወደ ሚክሰር፣ አለቀ። መብራት ሲሄድ ማልቲዬ በ4 ድንጋይ ትሠራለች። እናንተ ግን ሦስት ፔዳል፣ አራት አጭር ገመድ፣ ሁለት አዳፕተር። ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ሙሽራው ሲገባ ማነው የሚፈልገው? አድማጩ የኤስዲ-1ን ከማልቲው ኦቨርድራይቭ አይለይም።

ቶን ፍለጋ

@ሁሉም በአንድ፣ ስለ ሠርጉ ልክ ነህ። አጭር ገመድ ነገር ያበላሻል፣ እኔም ደርሶብኛል። ስለ አድማጩም አልከራከርህም። ግን የሚጫወተው ሰው ይለያል። ጣቱ የሚያምነው ነገር ሲጎድል ሶሎውን ፈርቶ ነው የሚጫወተው፣ ያንን ደግሞ አድማጩ ይሰማዋል። ለሠርግ ማልቲዋን ብቻ ይዞ ይሂድ፣ ለእሁድ ቢጫዋን ይጨምር። ማን ከለከለው?

ነታንያ

ሰላም ሰላም። ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኔ ጋ ኤች ኤክስ ስቶምፕ አለ። ከእሱ ጋር አንድ ኦቨርድራይቭና አንድ አሮጌ ፈዝ እጠቀማለሁ። እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ማልቲ የሚገዛ ሰው ይሄን ክር ያነበዋል።

ማልቲ ስትገዙ ከፔዳል ጋር ለማገናኘት ካሰባችሁ መጀመሪያ የምታዩት ከኋላ ሴንድና ሪተርን (ድምፁን ወደ ውጭ ፔዳል የሚልክና መልሶ የሚቀበል ቀዳዳ፣ ሉፕ የሚባለው) መኖሩን ነው። ስክሪኑ፣ የአምፖቹ ብዛት፣ ያ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ቦስ ጂቲ-1 የለውም። ኤምኢ-80 የለውም፣ ኤምኢ-90 አለው። ቫለተን ጂፒ-200 አለው። ጂቲ-1000 ሁለት አለው።

ምን ይጠቅማል? ኦቨርድራይቫችሁን በሴንድና በሪተርን መካከል ትሰኩታላችሁ። ፔዳሉ ሁልጊዜ ይበራል፣ በእግር አትነኩትም። ማልቲው ውስጥ "ሉፕ" የሚባል ሳጥን አለ፣ ያንን በየፓቹ ታበሩታላችሁ ወይም ታጠፉታላችሁ። ስለዚህ ከንፁህ ወደ ሶሎ ስሄድ አንድ ጊዜ ነው የምረግጠው። ኦቨርድራይቩ ይበራል፣ ዲሌዩ ይረዝማል፣ ቮልዩሙ ከፍ ይላል፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ዘማሪዋ የመጨረሻውን ቃል ይዛ ሳለ ሦስት ፔዳል ላይ መዝለል ቀረ። ደግሞም ፔዳሉን ከዋሁ በፊት ወይም በኋላ ለማድረግ ገመድ አልነቅልም። ስክሪኑ ላይ ሳጥኑን አንቀሳቅሳለሁ።

ስትጀምሩ የሴንዱን መጠን አረጋግጡ። ስቶምፕ ላይ "ኢንስትሩመንት" ወይም "ላይን" የሚል ምርጫ አለ። ለፔዳል ኢንስትሩመንት ነው የሚሆነው። ላይን ላይ ከሆነ ፔዳሉ ከአቅሙ በላይ ይሞላል።

ፈዝ ግን ሌላ ዓለም ነው። እንደ ፈዝ ፌስ ያሉት የድሮ ፈዞች ጊታሩን በቀጥታ ማግኘት ይፈልጋሉ። መካከል ላይ ባፈር (ምልክቱን የሚያጠነክር ትንሽ ሰርኪት) ከገባ ቀጭንና የሚቧጥጥ ይሆናሉ፣ የጊታሩንም ቮልዩም አይሰሙም። የቦስ ፔዳሎች ሲጠፉም ባፈራቸው አይጠፋም። ስለዚህ ፈዜን ሉፕ ውስጥ አላስገባውም፣ ከሁሉም ፊት ነው።

የጎፋው ጊታር

እህቴ አመሰግናለሁ፣ በደንብ ገባኝ። የእኔዋ ሉፕ የላትም፣ ከፊት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አምፕ ጋር ስለሚሠራው የአራት ኬብል አገናኝ ሰምቻለሁ። እሱስ ምንድነው?

ነታንያ

እሱም ሉፕ ያለው ማልቲ ይፈልጋል። አምፑም ከኋላ ሴንድና ሪተርን ሊኖረው ይገባል። ጊታር ወደ ማልቲው መግቢያ። የማልቲው ሴንድ ወደ አምፑ የፊት መግቢያ። የአምፑ ሴንድ ወደ ማልቲው ሪተርን። የማልቲው መውጫ ወደ አምፑ ሪተርን። እንዲህ ሲሆን ዋህና ኦቨርድራይቭ ከአምፑ ዲስቶርሽን በፊት፣ ዲሌይና ሪቨርብ ከሱ በኋላ ይሆናሉ። የአምፑን የራሱን ጌይን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ድምፁ ሁለቴ ወደ ዲጂታል ገብቶ ስለሚወጣ ትንሽ ይዘገያል፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ። ብዙ ሰው ይሄን ይፈራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ነው የሚሄደው። 3 ሚሊሰከንድ ዘገየ ማለት ከአምፑ አንድ ሜትር ራቅ ብለህ ቆምክ ማለት ነው።

ሳውንድማን ከሲኤምሲ

የአራት ኬብሉን ስትሞክሩ አምፑና ማልቲው በሁለት መንገድ ስለሚገናኙ ወፍራም እምምታ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ አብሩ። ካልጠፋ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ባለ ትራንስፎርመር ማግለያ ሳጥን አለ፣ እሱን በመካከል አስገቡ።

የአምፑን ኧርዝ ግን በጭራሽ አትቁረጡ። ልምምድ ቤቶች ውስጥ ኧርዙ በፕላስተር የታሸገ ሶኬት ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ። እምምታው ይጠፋል፣ አዎ። ግን አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ኮረንቲው ክራችሁ ላይ ይመጣል፣ ከንፈራችሁ ደግሞ ማይክ ላይ ነው። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ ውስጥ መድረክ ላይ ማይክ እንደያዘ ነው በኮረንቲ የሞተው። 27 ዓመቱ ነበር። እባካችሁ።

ጋሽ ባቲ

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ሳነብ ቆይቻለሁ። በእኛ ጊዜ ሆቴል ስንጫወት የነበረኝ አንድ ዋህና አንድ አምፕ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ሰው ከገባ እስከ ንጋት አብሮን ያድር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ዋህ ነው ያሳለፍነው። ዋህን እንደ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ አይደለም። ግማሽ ላይ አቁሙትና ተውት። ድምፁ አፍንጫ ያወጣል፣ ማሲንቆ ማሲንቆ ይላል። አንቺ ሆዬ ላይ ሞክሩት። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ደግሞ ጊታሩን ብቻ ለይታችሁ አዳምጡ። ስንት ቦታ ዝም እንደሚል ቁጠሩ።

ሌላ ልል የፈለግኩት ስለ ዲሌይ ነው። ዛሬ የማዳምጣቸው ልጆች ችክችካ ላይ ዲሌይ ሲጨምሩ ነገሩ ይበተንባቸዋል። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ማሽኑ በ4 ነው የሚቆጥረው፣ ችክችካ ግን 6/8 ነው። በዝግታ ልንገራችሁ። ትልቁ ምት በደቂቃ 100 ነው እንበል። አንዱ ምት 600 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በችክችካ ያ ምት ለሦስት ነው የሚከፈለው፣ አንዱ 200 ነው። ስለዚህ ዲሌያችሁ 200 ወይም 400 ወይም 600 ላይ ሲሆን ከከበሮው ጋር ይገጥማል። ሁሉም የሚወደው ነጥብ ያለበት ስምንተኛ (የምቱ ሦስት አራተኛ) ግን 450 ላይ ይወድቃል። በ400ና በ600 መካከል፣ ከበሮው በሌለበት ቦታ። መበተኑ ከዚያ ነው። ታፑን (ለማሽኑ ፍጥነቱን በእግር የምትነግሩበትን) በትልቁ ምት ርገጡ፣ ከዚያ ትሪፕሌት የሚለውን ምረጡ። እሱ ይዞ ይሄዳል። ትዝታ ላይ ግን ቀስ ካለ ሙሉውን ምት ተጠቀሙ፣ ድግግሞሹን ከሁለት አታሳልፉ። ኖታው አልቅሶ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይመጣበት።

የጎፋው ጊታር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የነገሩንን አሁኑኑ ሞከርኩት። የምንዘምረው አንድ ፈጣን መዝሙር አለ፣ በትክክል 6/8። እስከዛሬ ዲሌይ ስጨምር ድራመሩ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር፣ ምክንያቱን አናውቀውም ነበር። ለካ 450 ላይ ነበርኩ! 400 ላይ ሳደርገው ዲሌዩ ራሱ የከበሮ ክፍል ሆነ።

አናሎግ ዲሌዬንስ ምን ላድርጋት? ማልቲዋ ዲሌይ ስላላት ሥራ ፈታች።

ቶን ፍለጋ

ከኤስዲ-1 ቀጥሎ፣ ከማልቲዋ በፊት አድርጋት። አጭር፣ 120 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ አንድ ድግግሞሽ ብቻ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ከአምፕ ሞዴሉ በፊት ስለሆነች ድግግሞሿ ትንሽ ሻከር ይላል፣ ጊታሩን ያወፍረዋል እንጂ ዲሌይ አይመስልም። ረጅሙን ለማልቲዋ ተውላት።

የጎፋው ጊታር

ሪፖርት፦ ዛሬ እሁድ ነው፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። አሰላለፉ ጊታር፣ ዋህ፣ ኤስዲ-1፣ አናሎግ ዲሌይ፣ ማልቲ፣ ሚክሰር ነው። ማልቲዋ ላይ ንፁህ አምፕ ከነካቡ፣ ዲሌይና ሪቨርብ ብቻ። ለማልቲዋ ለብቻዋ አዳፕተር ገዛሁላት፣ ፉጨቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከሰዓቱ ቀደም ብዬ ሄጄ ከድራመሩ ጋር ሦስት ፓች አስተካከልን። አንዷን በኢርፎን ጥሩ ናት ብዬ የመጣሁባትን በግማሽ ነው የቀነስናት።

ሶሎው ላይ ቢጫዋን ረገጥኩ። የሳውንዱ ልጅ ፌደሩን አልነካም።

@ሁሉም በአንድ፣ ለመጪው ቅዳሜ ሠርግ ማልቲዋን ብቻ ነው የምይዘው። 4 ድንጋይም ገዝቻለሁ።

ሁሉም በአንድ

የምን ድንጋይ ገዛህ? አልካላይን ይሁን። ተራው ከሁለት ሰዓት በላይ አይሄድልህም፣ ሠርግ ደግሞ ይረዝማል።